የበረሃው የመጀመሪያ መልክ፦ ከፎርት ዎርዝ የሚነበብ ታሪክ

የቴክሳሷ ፎርት ዎርዝ በረሃ አይደለችም። ዝናብ ታገኛለች፣ የትሪኒቲ ወንዝ ያልፍባታል፣ በምሥራቅ በኩል ከዳላስ ጋር በቤትና በመንገድ ተያይዛለች። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ግን ጥቂት ሰዓት እንደተጓዘ ዛፉ ሲሳሳ፣ ሣሩ ሲያጥር፣ ሰማዩም ሲሰፋ ያያል። መንገዱን ከቀጠለ ሜዳው ያልቅና በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና ቀይ ድንጋይ፣ ደረቅ ሸለቆና ቀጥ ብለው የቆሙ አምባዎች ይቀበሉታል። ከተማዋ ይህን የበር ጠባቂነቷን ትኮራበታለች። ፎርት ዎርዝ ስታር ቴሌግራም የተባለው ጋዜጣዋ ለብዙ ዘመን ከስሙ ሥር «ምዕራቡ የሚጀምርባት» የሚል መፈክር ሲያወጣ ኖሯል። የጋዜጣው አሳታሚ ኤመን ካርተር (1879–1955) የፍሬደሪክ ሬሚንግተንንና የቻርልስ ራስልን ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች የሚሰበስብ ባለጸጋ ነበር። ሙዚየም እንዲሠራ ተናዞ ሞተ፤ ልጁ ሩት ካርተር ስቲቨንሰን ኑዛዜውን ፈጸመች። በፊሊፕ ጆንሰን ንድፍ የተሠራው የኤመን ካርተር ሙዚየም በ1961 መጀመሪያ ተከፈተ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ካርተር የሰበሰበው የፈረሰኞች፣ የከብት ነጂዎችና የጦርነት ሥዕል ነው። ሙዚየሙ በተከፈተ በ30 ዓመት ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ምዕራብም ተከማቸበት፤ ሰዎች መንፈስን ፍለጋ የሄዱበት ደረቅ ምድር። የሠዓሊዋ የጆርጂያ ኦኪፍ ሥዕሎች፣ የሎራ ጊልፒን የፎቶግራፍ ቅርስ፣ የኤሊየት ፖርተር የቀለም ፎቶግራፎች እዚያው ቤት ይገኛሉ። ሦስቱ ሲቀናጁ አንድ ታሪክ ይነገራል፦ እንግዳ ሰው በረሃን መጀመሪያ ሲያይ ምን እንዳየ፣ ቆይቶ ሲያይ ደግሞ ምን እንደተገለጠለት።

ከአውሮፓ የመጡት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ያዩት ባዶነትን ነበር። ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ቫስኬስ ደ ኮሮናዶ በ1541 ወርቅ ፍለጋ ከኒው ሜክሲኮ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ዛሬ ላኖ ኤስታካዶ የሚባለውን የምዕራብ ቴክሳስ አምባ ሜዳ አቋረጠ። በዚያው ዓመት ለንጉሡ በላከው ደብዳቤ ምልክት የሚሆን ድንጋይ፣ ጉብታ ወይም ዛፍ እንዳጣ ጽፏል፤ ሜዳውን ያነጻጸረው ከባሕር ጋር ነው። አሜሪካዊው መኮንን ዜቡሎን ፓይክ በ1806 እና በ1807 ከተጓዘ በኋላ ሜዳውን ከአፍሪካ አሸዋማ በረሃዎች ጋር አመሳሰለው። በ1820 የተላከው የስቲቨን ሎንግ ቡድን ደግሞ ካርታው ላይ በትልቁ «ታላቁ በረሃ» ብሎ ጻፈበት። እነዚህ ሰዎች መሬቱን የመዘኑት በእርሻ ሚዛን ነው። የሚታረስ፣ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚያበቅል መሬት ይወደሳል፤ ያልሆነው ይወገዛል። በዚያው ምድር የሚኖሩት ኮማንቼዎች፣ ናቫሆዎችና ፑዌብሎዎች እያንዳንዱን ምንጭና ጉብታ በስም ይጠሩት እንደነበር ለመጠየቅ የቆመ ጥቂት ነው።

ሚዛኑ የተገለበጠው ከ1900 ወዲህ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህሩ ጆን ቫን ዳይክ በ1901 ስለ በረሃ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ለእርሻ የማይረባ ያለውን ምድር ለዓይን ድግስ አድርጎ አቀረበው፤ ሜሪ ኦስቲን በ1903 ተከተለችው። ከደራሲዎቹ የበለጠ የሠራው ግን የባቡር ኩባንያ ነው። የሳንታ ፌ ባቡር በ1901 እስከ ግራንድ ካንየን አፋፍ ድረስ ሐዲድ ዘረጋ፤ በ1905 ኤል ቶቫር ሆቴል በገደሉ ጫፍ ላይ ተከፈተ። ኩባንያው ሠዓሊዎችን በነጻ እያጓጓዘ ሥዕላቸውን ይገዛ ነበር፤ ከሥዕሎቹም የቀን መቁጠሪያ እያሳተመ በመላ አገሪቱ በተነ። ስለዚህ ከቺካጎ ወይም ከኒው ዮርክ የመጣ መንገደኛ ከባቡሩ ሲወርድ በራሱ ዓይን ብቻ አላየም። ጸጥታውንና ግርማውን እንዲያይ አስቀድሞ ተሰብኮለት ነበር። ይህ ማለት የተሰማው ስሜት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ዕይታ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያዘጋጀው መሆኑን ግን ያሳያል።

ጆርጂያ ኦኪፍ (1887–1986) ምድሩን ያወቀችው ከዚህ ስብከት ውጭ፣ በደሞዝተኛ መምህርነት ነው። ከ1912 እስከ 1914 በአማሪሎ ከተማ ትምህርት ቤቶች ሥዕል አስተማረች፤ በ1916 ደግሞ ካንየን በምትባል ትንሽ ከተማ ወደሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ መጣች። ካንየን ከፎርት ዎርዝ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዚያው ኮሮናዶ ባቋረጠው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ሜዳው ድንገት ተሰንጥቆ ፓሎ ዱሮ የሚባለው ቀይ ሸለቆ ይከፈታል። ኦኪፍ ከክፍል ስትወጣ በእግሯ ወደ ሜዳው እየሄደች ፀሐይ ስትጠልቅ ታይ ነበር፤ ወደ ሸለቆውም በከብት ዱካ ትወርድ ነበር። ከብት ነጋዴዎቹና ገበሬዎቹ ምን ልታይ እንደምትሄድ ግራ ቢገባቸው አያስገርምም። ለእነሱ ሜዳው ዝናብ የሚጠበቅበት፣ አቧራ የሚታፈስበት የሥራ ቦታ ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራዎቿ ዋናዎቹ በ1917 የሠራቻቸው ሦስት የውሃ ቀለም ሥዕሎች ናቸው፤ ርዕሳቸው በሜዳው ላይ ስለሚመጣ ብርሃን ይናገራል፤ ሦስቱም ኤመን ካርተር ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው የሚደንቀው የመሣሪያው ድህነት ነው። ወረቀቱ ስስና ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ዓይነት ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ትልቅ ደብተር ብዙም አይበልጥም። ከታች ቀጭን የምድር መስመር አለች። ከመስመሯ በላይ ሰማዩ እንደ ጉልላት ቀስት ሠርቶ ይነሣል፤ ቀለሙ በንብርብር እየደመቀ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ መካከሉ ላይ ቀለም ሳይነካው የቀረው ባዶ ወረቀት ራሱ ብርሃን ሆኗል። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ፀሐይዋም ገና አልወጣችም። ኮሮናዶን ያስጨነቀው ምልክት የለሽነት እዚህ የሥዕሉ መሠረት ሆነ። ኦኪፍ ባዶውን አልሞላችውም፤ ምን እንደሚያደርግ ቆማ አየችው። ከአሜሪካ ሥዕሎች መካከል ስለ ጠዋት ይህን ያህል በጥቂት ነገር የተናገረ ብዙ አይገኝም።

በ1918 ቴክሳስን ለቅቃ ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። ወደ ደረቁ ምድር የተመለሰችው በ1929፣ ሜብል ዶጅ ሉሃን የተባለች ባለጸጋ ታኦስ ወደሚገኘው ቤቷ በጋበዘቻት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ማለት ይቻላል ኒው ሜክሲኮ ትመለስ ነበር፤ በ1940 በጎስት ራንች ቤት ገዛች፣ በ1949 ጠቅልላ ገባች። በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ደጋግማ የሣለችው ራንቾስ ደ ታኦስ የሚገኘውን የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፎርት ዎርዝ ያለው ሥዕል በ1930 እና በ1931 የተሠራ ነው። የሚታየው የሕንፃው ጀርባ ብቻ ነው፤ በር የለም፣ መስቀል የለም። ከምድር የወጣ የሚመስል፣ የምድሩን ቀለም የያዘ ግዙፍ ጭቃ፣ ከላዩም ደመና የጋረደው ሰማይ።

ሕንፃው ከሥዕሉ ውጭ የራሱ ሕይወት አለው። በ1816 ገደማ የተጠናቀቀ የጭቃ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ምእመናኑ በየዓመቱ ተሰብስበው አፈርና ጭድ አቡክተው ግድግዳውን ይመርጉታል። ለኢትዮጵያ ገጠር ሰው ይህ የሚታወቅ ሥራ ነው። በ1967 ድካሙን ለመቀነስ ተብሎ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ያዘና ውስጡን ያረጥበው፣ ያፈርሰውም ጀመር፤ በ1979 ተላጠና ወደ ጭቃው ተመለሱ። ሠዓሊዋ ለዓይን ዘላለማዊ አድርጋ ያሳየችው ቅርጽ፣ የደብሩ ሰው በየዓመቱ በእጁ የሚያቆመው ነው። በዚያው አካባቢ በቺማዮ ያለው መቅደስም በስቅለት ዓርብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግር የሚጓዙበት ነው፤ ተሳላሚዎቹ ከትንሽ ጉድጓድ አፈር ዘግነው ለፈውስ ይወስዳሉ። ከጠበል ስፍራ እምነት ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሦስቱ መካከል በረሃው ውስጥ ወዳለው ሰው አብዝታ የቀረበችው ሎራ ጊልፒን (1891–1979) ናት። በኮሎራዶ ስፕሪንግስ አካባቢ ተወልዳ፣ በኒው ዮርክ በክላረንስ ዋይት የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ተማረች። መጀመሪያ የምታነሣቸው ፎቶግራፎች በጊዜው ፋሽን መሠረት ደብዘዝ ያሉ፣ ሕልም የሚመስሉ ነበሩ። በ1930 ከጓደኛዋ ከነርሷ ኤልዛቤት ፎርስተር ጋር በናቫሆዎች ምድር ሲጓዙ የመኪናቸው ቤንዚን አለቀ። ጊልፒን እርዳታ ፍለጋ በእግሯ ሄደች፤ ስትመለስ ፎርስተር ናቫሆዎች ከበዋት ካርታ ስትጫወት አገኘቻት። ፎርስተር በዓመቱ ሬድ ሮክ በምትባል የአሪዞና መንደር የመስክ ነርስ ሆና ተቀጠረች። ጊልፒን እየመጣች አብራት ወደ ታማሚዎቹ ቤት ትገባ ነበር፤ ካሜራው የገባው ከመድኃኒቱ ቦርሳ ኋላ ነው። በ1932 ያነሣቻቸው እናት ከልጇና ከግልገሎቿ ጋር፣ ሽማግሌው ከቤቱ ደጃፍ፣ ሁሉም የሚያዩት የሚያውቁትን ሰው ነው። ያነሣችውን ፎቶግራፍ አትማ መልሳ ለባለቤቶቹ ትሰጥ ነበር።

ፎርስተር በ1933 ሥራዋን አጣች። ጊልፒን ወደ ናቫሆዎች በቋሚነት የተመለሰችው በ1950 ነው፤ ሥራው ሌላ 18 ዓመት ወሰደ። ውጤቱ በ1968 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው ስለ ናቫሆ ጽናት የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ዓመቱ ናቫሆዎች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ፈርመው ወደ አገራቸው ከተመለሱ 100 ዓመት የሞላበት ነበር። በ1864 የአሜሪካ መኮንኑ የኪት ካርሰን ጦር ካንየን ደ ሼይ ወደተባለው ሸለቆ ገብቶ የኮክ ዛፎቻቸውን ቆረጠ፣ እህላቸውን አቃጠለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተነድተው ቦስኬ ሬዶንዶ በተባለ ሜዳ ታጎሩ። የተመለሱት በ1868 ነው። አለቃቸው ማኑዌሊቶ ኋላ እንደተናገረው፣ በመንገድ ላይ ከቅዱሳን ተራሮቻቸው አንዱን ከሩቅ ሲያዩ ምድሩን ማናገር አማራቸው፤ ቤታቸው ሲደርሱም አንዳንድ ሽማግሌዎች በደስታ አለቀሱ። ስለ በረሃ ዕይታ ከተነገሩት ሁሉ ይህ ትልቁ ነው፤ ተራራው እንደ አዲስ የተገኘ አይደለም፣ የራስ የነበረ ተመልሶ የታየ ነው እንጂ።

ጊልፒን መጽሐፏን በአራት ክፍል ከፈለችው፤ አራት በናቫሆ እምነት የተቀደሰ ቁጥር ነው። አገራቸውን በአራት ማዕዘን የሚያጥሩት አራቱ ተራሮች፣ ብላንካ፣ ቴይለር፣ ሳን ፍራንሲስኮና ሄስፐረስ፣ የመጽሐፉ መነሻ ሆኑ። በጣም የሚራራቁ ስለሆኑ ከአውሮፕላን አነሣቻቸው። ስታነሣቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆናት ሴት ነበረች። በዚህ አቀራረብ ምድሩ የሰዎቹ መድረክ መሆኑ ቀረ። ናቫሆዎች አገራቸውን እንደ ቤት ነው የሚያዩት፤ ተራሮቹ ምሰሶዎቹ ናቸው፣ ሰውየው የሚኖርበት ሆጋን የሚባል ክብ ቤትም በዚያው ሥርዓት በሩን ወደ ምሥራቅ ይከፍታል። ቅድስናው ጸጥታ በመኖሩ የመጣ አይደለም። ሕፃን ይወለድበታል፣ በግ ይታገድበታል፣ ታማሚ ሌሊቱን ሙሉ ይዘመርለታል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲሰማ የሚያነጻጽርበት የራሱ ቅርስ አለው። የግብፅ ገዳማውያን የእንጦንስና የመቃርስ ገድል ወደ ግዕዝ ተመልሶ ከተነበበ ጀምሮ በረሃ በሀገሪቱ መንፈሳዊ ሕይወት ትልቅ ቦታ ይዟል። ዋልድባ የዚህ ምሳሌ ነው፤ በገዳሙ ክልል እህል አይዘራም፣ መነኮሳቱም እህል አይቀምሱም። ወደዚያ የሚወርድ መናኝ ስለ ሰማዩ ስፋት ወይም ስለ ድንጋዩ ቀለም አያወራም። የሄደው ከሥጋውና ከአጋንንት ጋር ሊታገል ነው፤ ቆላውም፣ ረኃቡም፣ አውሬውም የትግሉ አካል ናቸው። ቦታውን የሚያስከብረው የገድሉ መዓዛ ነው ይባላል። ኦኪፍ በምድሩ ብርሃን ተማርካለች፤ መናኙ ብርሃንን የሚጠብቀው ከሌላ ቦታ ነው፤ ናቫሆው ደግሞ ከተራራው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ በረሃው በአንድ ቀን አይታወቅም። የመቆየት ዋጋው ይለያያል እንጂ ሳይቆይ የተረዳው የለም።

ኤሊየት ፖርተር (1901–1990) ለመቆየት ጊዜ የተነፈገው ነው። በሃርቫርድ ሕክምና ተምሮ የምርምር ሥራውን ለፎቶግራፍ የተወ ሰው ነው፤ ከ1946 ጀምሮ ሳንታ ፌ አቅራቢያ ኖረ። ኮሎራዶ ወንዝ በዩታና በአሪዞና ወሰን ላይ የሚያልፍበትን ግሌን ካንየን በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ሸለቆውን የሚያሰጥመው ግድብ እየተገነባ ነበር። ደጋግሞ በጀልባ ወረደበት። ያነሣው ሰፊውን አድማስ አይደለም፤ በግድግዳው ላይ የወረደ የውሃ እድፍ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የተንጸባረቀ ሰማያዊ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማትደርስበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላለፈ የሚቀላ ብርሃን። ለማተም የተጠቀመበት ዘዴ አድካሚ ነበር፤ አንዱ ምስል ለሦስት ቀለሞች ተከፍሎ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ቀለም በተራው ወረቀቱ ላይ ይታተማል፣ ሦስቱ በትክክል ካልተገጣጠሙ ሥራው ይበላሻል። ትዕግሥቱ ግን በድንጋዩ ላይ ያሉትን የቀለም ልዩነቶች ያስጠብቅ ነበር።

በ1963 የግድቡ መውጫዎች ተዘጉ፤ ውሃው መነሣት ጀመረ። በዚያው ዓመት የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ሲየራ ክለብ፣ በዴቪድ ብራወር አዘጋጅነት፣ የፖርተርን ፎቶግራፎች ማንም ስለማያውቀው ስፍራ በሚል ርዕስ አሳተመ። መጽሐፉ ግድቡን አላስቆመም፤ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ከዚያ በኋላ ለታቀዱት ግድቦች ግን ተቃውሞውን አጠናከረ። ርዕሱ የተቆረቆሩትን ሰዎች ሐዘን ይገልጻል፤ ስፍራውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ነበሩ። ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመው ሐይቅ ከፍ ባለ ጊዜ ውሃው ለናቫሆዎች ቅዱስ የሆነውን ቀስተ ደመና የሚባለውን ተፈጥሯዊ የድንጋይ ድልድይ እግር ደረሰበት፤ ጸሎት የሚደረግባቸው ቦታዎች ሰጠሙ፣ በጀልባ የመጡ ጎብኚዎች በዙ። የናቫሆ የሃይማኖት ሰዎች በ1974 ከሰሱ፤ በ1980 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ጎብኚዎች በድልድዩ ሥር እንዳያልፉ በፈቃዳቸው እንዲተዉ መጠየቅ የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ፍርድ ቤቱ ያልሰጠውን ልመና ተካው፤ ይህ ሊያሳዝን የሚገባ ነገር ነው።

እነዚህ ሥራዎች ፎርት ዎርዝ የደረሱበት መንገድ በአጋጣሚ የተሠራ አይደለም። የሙዚየሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሚቼል ዋይልደር ቀደም ሲል በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሠርቷል፤ በ1943 ስለ ኒው ሜክሲኮ የእንጨት ቅዱሳን ምስሎች ከሌላ ጸሐፊ ጋር መጽሐፍ አሳትሟል። ምዕራቡን ከፈረስና ከሽጉጥ አልፎ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1966 የኦኪፍን የ50 ዓመት ሥራ የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርእይ በሙዚየሙ አዘጋጀ። ጊልፒን በ1979 ስትሞት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮቿን፣ ህትመቶቿንና ደብዳቤዎቿን ለሙዚየሙ ተናዘዘች፤ ዋይልደርም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። የፖርተር ቅርስ በ1990 ተከተለ። ለከብት ነጂዎች ሥዕል የተሠራው ቤት የበረሃውን የብርሃንና የጸሎት ታሪክ ለሚያጠና ሰው ዋና መዝገብ ቤት ሆነ።

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ወደዚህ ሙዚየም ለመግባት ማንም ክፍያ አይጠየቅም። በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎች፣ በተለይ የውሃ ቀለምና የቀለም ፎቶግራፍ፣ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ አይሰቀሉም፤ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፣ በቀሪው ጊዜ በጨለማና በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣሉ። የ1917ቱን ሦስት ሥዕሎች ማየት የሚፈልግ ሰው በወቅቱ መሰቀላቸውን አስቀድሞ ሙዚየሙን መጠየቅ ይኖርበታል።